አረንጓዴው ብርሃንና የሎጋን ሰርክል ሱቅ

«የአሜሪካ ሕልም» የሚለው አባባል በሰፊው የታወቀው የታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ትረስሎ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት ሲሆን፣ ትርጉሙም ሰው ከየትኛውም ቤተሰብ ቢወለድ በችሎታውና በጥረቱ የተሟላ ኑሮ ሊኖር ይችላል የሚል እምነት ነው። ኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድ ይህንኑ እምነት መርምሮ የፈረደበትን «ታላቁ ጌትስቢ» የተባለ ልቦለድ ያወጣው ግን አባባሉ ከመለመዱ ስድስት ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር፤ በአሜሪካ ልቦለድ ውስጥ የሕልሙ መክሸፍ የሕልሙን ስም ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። ከዚህ ከ82 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ አዲስ አበባ የተወለደው ዲናው መንግሥቱ በዋሽንግተን ከተማ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ስለሚኖር ኢትዮጵያዊ ስደተኛ የጻፈውን የመጀመሪያ ልቦለዱን ሲያሳትም፣ ያው የቆየ ጥያቄ በሌላ አንደበት እንደገና ተነሣ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማንበብ የሚጠቅመው በሚመሳሰሉበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም የሚለያዩበት ቦታ የስደተኛ ሕልም ከባለአገሩ ሕልም በምን እንደሚለይ ይበልጥ ያሳያል።

ሁለቱም ደራስያን ይህን ጥያቄ የሚያነሡት በስብከት ሳይሆን በትእምርት ነው። ትእምርት ማለት በታሪኩ ውስጥ እንደ ማንኛውም ዕቃ የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ የራሱ ተራ አገልግሎት ያለው ነገር ሆኖ ሳለ ከራሱ የሚበልጥ ሐሳብ የሚሸከም ነገር ነው። ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ ዘመዱ ሰምና ወርቅ ነው፤ ዳሩ ግን ልዩነታቸው ቀላል አይደለም። በቅኔ ሰሙ የሚፈለገው ወርቁ እስኪወጣ ድረስ ነው፤ ኅብረ ቃሉ ከተፈታ በኋላ ሰሚው ይዞት የሚሄደው ወርቁን ነው። በልቦለድ ውስጥ ያለ ትእምርት ግን ዕቃነቱን አይለቅም፣ ሐሳቡም አንድ ጊዜ ተፈትቶ አያልቅም፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ ተስፋ ያየበትን ነገር ሌላው ፍርድ ያይበታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳያይበት አልፎት ይሄዳል። የትእምርት ጥበብ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ደራሲው «ይህ ማለት ይህ ነው» ብሎ ከተረጎመ ነገሩ ወዲያው ወደ ምሳሌያዊ ተረት ይወርዳል።

የፊትዝጄራልድ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጄምስ ጋትዝ የተባለ የሰሜን ዳኮታ ድሃ ገበሬ ልጅ ስሙን ጄይ ጌትስቢ ብሎ ይለውጣል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወጣት መኮንን ሳለ የወደዳት ዴዚ የተባለች የባለጸጋ ልጅ እሱ ባሕር ማዶ እያለ ሌላ ባለጸጋ ታገባለች፤ እሱም እሷን ለማስመለስ ሀብት ማከማቸት ይጀምራል። ሀብቱ በአመዛኙ የተገኘው እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ በአሜሪካ በሕግ ተከልክሎ በነበረበት ዘመን ከተስፋፋው የሕገ ወጥ መጠጥ ንግድ ነው። ጌትስቢ በኒውዮርክ አቅራቢያ ከዴዚ ቤት በባሕረ ሰላጤ ማዶ ለማዶ የሚተያይ ግዙፍ ቤት ገዝቶ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ የማያውቃቸውን ሰዎች ሳይቀር የሚያስተናግድ ድግስ ይደግሳል፤ ራሱ ግን ሌሊት ብቻውን ቆሞ በዴዚ ቤት የጀልባ ማሰሪያ ጫፍ ላይ የሚበራውን አረንጓዴ መብራት ያያል።

ያ መብራት ከዓለም ሥነ ጽሑፍ የታወቁ ትእምርቶች አንዱ ለመሆን የበቃው አረንጓዴ ስለሆነ ወይም ስለሚያምር አይደለም። ጥበቡ ያለው ከመብራቱ ርቀት ላይ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ዴዚ ወደ ጌትስቢ ቤት መጥታ አጠገቡ ስትቆም፣ ታሪኩን የሚተርከው ኒክ ካራዌይ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ለአምስት ዓመት ያህል የተስፋ ሁሉ መዳረሻ የነበረው ብርሃን በዚያች ቅጽበት ተመልሶ ተራ የጀልባ ማሰሪያ መብራት ሆኗል። አብዛኛው አንባቢ የጌትስቢ ሕልም የከሸፈው በመጨረሻ በጥይት ሲገደል ይመስለዋል፤ መጽሐፉ በጥንቃቄ ሲነበብ ግን ሕልሙ መሰንጠቅ የጀመረው ሰውየው የፈለገውን ባገኘበት ከሰዓት በኋላ ነው። ዴዚ በገዛ ሥጋዋ ስትመጣ እሱ በሐሳቡ ሲያሳድጋት ከኖረችው ዴዚ ጋር ልትስተካከል አልቻለችም፤ ጥፋቷም አይደለም። ጌትስቢ የፈለገው ሴቲቱን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን አምስት ዓመታት ጭምር መሰረዝ ነበርና፣ ይህ ደግሞ በገንዘብ የሚሆን ነገር አልነበረም።

ሌላው የፊትዝጄራልድ ትእምርት የአመዱ ሸለቆና በላዩ የተተከለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ከባለጸጎቹ ሰፈር ወደ ኒውዮርክ በሚወስደው መንገድ ላይ የከተማው አመድ የሚደፋበት ሜዳ አለ፤ እዚያም ዶክተር ቲ. ጄ. ኤክልበርግ የተባለ የዓይን ሐኪም አንድ ጊዜ ያስተከለው፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ፊት የሌለው ባለመነጽር የዓይን ሥዕል ቆሟል። በዚያ አመድ መካከል የሚኖረው የጋራዥ ባለቤት ጆርጅ ዊልሰን ሚስቱ በመኪና ተገጭታ ስትሞት እነዚያን ዓይኖች አሻቅቦ እያየ ስለ እግዚአብሔር ይናገራል፤ ጎረቤቱ ግን «እሱኮ ማስታወቂያ ነው» ይለዋል። ደራሲው አያብራራም፤ ሁለቱንም ትቷቸው ያልፋል። ባለጸጋው የሚያየው ብርሃን በውሃ ማዶ የሚያበራ ሲሆን፣ ድሃው ቀና ሲል የሚያገኘው የተረሳ የንግድ ሰሌዳ መሆኑ ከማንኛውም የምጣኔ ሀብት ትንተና በላይ ይናገራል። መጽሐፉ ራሱም በወጣበት ጊዜ ብዙ ገበያ አላገኘም፤ ፊትዝጄራልድ እ.ኤ.አ. በ1940 በ44 ዓመቱ ሲሞት ከመረሳት ደርሶ ነበር። ዝናው ያንሰራራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ 155,000 የሚጠጋ ቅጂ ለአሜሪካ ወታደሮች በነጻ ከታደለ በኋላ ነው።

ለአዲስ አበባ አንባቢ የዚያን አረንጓዴ ብርሃን ቦታ የያዘው ምን እንደነበረ ለመጠየቅ ከልደታ ማርያም ሰፈር የተሻለ መነሻ አይገኝም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት የመዲናዋ አውሮፕላኖች የሚነሡትና የሚያርፉት በልደታ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው የመጀመሪያው በረራም ከዚሁ ዘመን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ «አሮጌ ኤርፖርት» የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ የቀረው ከዚያ ነው። ጄቶች ሲመጡ ረጅም መንደርደሪያ አስፈልጎ በረራው ወደ ቦሌ ዞረ። በንጉሡ ዘመን ወደ ውጭ የሚሄደው ሰው በአመዛኙ ተምሮ ለመመለስ የሚሄድ ነበር፤ «ከአድማስ ባሻገር» ደራሲ በዓሉ ግርማ ራሱ አሜሪካ፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የተመለሰ ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዚህ ልቦለድ ዋና ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ በመሥሪያ ቤት ሥራና በሥዕል ፍቅር መካከል የተወጠረ የአዲስ አበባ ሰው ሲሆን፣ አድማሱ በቀረቡት ቁጥር የሚርቅ በመሆኑ ከጌትስቢ መብራት ጋር ይዛመዳል፤ ልዩነቱ አበራ የሚመኘው ነገር በባሕር ማዶ ያልተቀመጠ መሆኑ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሰው የሚሄደው ለመትረፍ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ባወጣችው የስደተኞች ሕግ አማካይነትም ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሱዳንና ከሌሎች አገሮች ወደዚያው ተሻገሩ። ቆይቶ እ.ኤ.አ. የ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ በየዓመቱ እስከ 55,000 ቪዛ በዕጣ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ዲቪ የሚባለው ይህ ነው። «ዲቪ ደረሰው» የሚለው ወሬ በአንድ ሰፈር ውስጥ ምን ያህል እንደሚያስተጋባ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ዕጣው ከጌትስቢ ሕልም በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል፤ የአሜሪካ ሕልም በጥረት ይገኛል ሲል፣ ዲቪ የዚያ ሕልም መግቢያ በር በዕድል ይከፈታል ይላል።

ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ፣ በ1980፣ ወደ አሜሪካ ተወስዷል፤ ያደገው በኢሊኖይ ግዛት ነው። ኢትዮጵያን የሚያውቃት ከቤተሰቡ ትዝታና ከንባብ ነውና፣ የመጀመሪያ ልቦለዱ የደርግን ዘመን ሲያነሣ እንደ ዓይን ምስክር ለመናገር አይሞክርም። የመጽሐፉ ርእስ ከዳንቴ «ሲኦል» መደምደሚያ የተወሰደ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሰማይ ያዘላቸው ውብ ነገሮች» ሊባል ይችላል፤ በብሪታንያ የወጣው ግን «የአብዮቱ ልጆች» በሚል ርእስ ነው። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት የብሪታንያውን የጋርዲያን ጋዜጣ የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል፤ ደራሲውም በ2012 የማክአርተር ሽልማት ተሸልሟል።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ሴፋ እስጢፋኖስ በቀይ ሽብር ዘመን ከአዲስ አበባ የሸሸ ሰው ነው። ወታደሮች ቤታቸውን ሲፈትሹ እሱ ያመጣቸውን በራሪ ወረቀቶች ያገኛሉ፤ አባቱም የእኔ ናቸው ብለው በልጃቸው ፈንታ ይወሰዳሉ፣ ይገደላሉም። ከ17 ዓመት በኋላ ሴፋ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል በተባለው ሰፈር አቧራ የጠገቡ ዕቃዎች የተደረደሩበት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ጠዋት አርፍዶ ይከፍታል፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት መጽሐፍ ያነባል፣ ዕዳውም እየተጠራቀመ ይሄዳል። ጌትስቢና ሴፋ የሚለያዩበት ፍሬ ነገር እዚህ ይጀምራል። ጌትስቢ ስሙን ለውጦ አባቱን ትቶ ወደ ላይ ሲወጣ ማንም አላስገደደውም፤ ሴፋ አባቱን ያጣው በገዛ ወረቀቶቹ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ መበልጸግ ለእሱ ድል ሊሆን አይችልም፣ ከዕዳም የከፋ ነገር ነው። ሱቁ የሕልም ትእምርት መስሎ የሚነበበው በችኮላ ሲታይ ነው። ስደተኛ ሱቅ ከፈተ ሲባል አሜሪካዊው አንባቢ ወዲያው የጥረትና የስኬት ታሪክ ይጠብቃል፤ ዲናው ያንን ልማድ እያወቀ ሱቁን መደበቂያ አድርጎታል፤ ሴፋ እዚያ የተቀመጠው ለመክበር ሳይሆን በሰላም ለመቀመጥ ብቻ ነው።

ሴፋ ሁለት ጓደኞች አሉት፤ አንዱ የኮንጎ፣ ሌላው የኬንያ ሰው ነው። ሦስቱ የተዋወቁት በዋሽንግተን በአንድ ሆቴል ሲሠሩ ሲሆን፣ በሱቁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው አሮጌ የአፍሪካ ካርታ ፊት አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ፦ አንዱ የአንድ አምባገነን ወይም የመፈንቅለ መንግሥት መሪ ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና ዓመቱን ይመልሳሉ። ጨዋታው ያስቃል፤ የሚያስቅበት ምክንያት ግን የስም ዝርዝሩ የማያልቅ መሆኑ ነው። ካርታው ከፊትዝጄራልድ አረንጓዴ መብራት ጋር ሲነጻጸር አቅጣጫው ተገልብጧል። መብራቱ ወደፊት የሚመጣ ነገር መስሎ እየታየ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ካርታው ግን ምንም ተስፋ አይሰጥም፣ ሦስቱም ይህንን ያውቃሉ፣ አውቀውም እየተሳሳቁ ይመለከቱታል። ራስን ያለማታለል ጉዳይ ከሆነ ሦስቱ ስደተኞች ከጌትስቢ የተሻሉ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ይህም በመጽሐፉ ላይ ጎልቶ ያልተነገረ፣ ነገር ግን ሊነገር የሚገባው ነጥብ ነው።

የኮንጎው ጓደኛ ጆሴፍ ዶክተር እሆናለሁ ብሎ የመጣ ሲሆን አሁን በአንድ ውድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነው፤ የአገሩን ታሪክ በግጥም መጻፍ ይፈልጋል፣ የዳንቴን መጨረሻም ይወዳል። ኬንያዊው ኬኔት መሐንዲስ ሆኗል፣ ሙሉ ልብስ ይለብሳል፣ የአሜሪካን መንገድ ከሁለቱ በተሻለ ተረድቻለሁ የሚለውም እሱ ነው። ሴፋ ከአጎቱ ብርሃነ ሥላሴ ቤት ሄዶ በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚያገኛቸው ለፕሬዚዳንት ካርተር የተጻፉ ደብዳቤዎች ደግሞ ከመጽሐፉ ጠንካራ ትእምርቶች አንዱ ናቸው። አጎትየው በአገር ቤት የተከበረና ባለንብረት ሰው ነበር፤ አሁን ኢትዮጵያውያን በሞሉበት ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ስለ አገሩ ሁኔታ ለኃያል ሰው በትሕትና ይጽፋል። የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያየው ነገር አሜሪካዊው ላያየው ይችላል፤ የአቤቱታ ልማድ ነው፤ ለባለሥልጣን ማመልከቻ ጽፎ ደጅ የመጥናት የጥንት ሥርዓት ወደ ዋይት ሐውስ ተዛውሮ ይታያል፤ አጎትየው አሜሪካን እንደ አዲስ ዓለም አላያትም፣ እንደ ሩቅ ቤተ መንግሥት እንጂ።

ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ግን ቤት ነው። ሎጋን ሰርክል በጄኔራል ሎጋን ሐውልት ዙሪያ የተገነባ የቆዩ ውብ ቤቶች ያሉት ሰፈር ነው፤ ሐውልቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ በ1968 በአቅራቢያው የደረሰው ረብሻና የባለገንዘቦች ከከተማ መውጣት አካባቢውን ለብዙ ዓመታት አደኸየው፤ ከዚያ በኋላ ግን ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ተመልሰው መግዛትና ማደስ ጀመሩ። በልቦለዱ ጁዲት የተባለች ነጭ ምሁር በሰፈሩ ያለውን የፈራረሰ ባለአራት ፎቅ ቤት ገዝታ ታድሳለች፤ ናኦሚ የተባለችው ክልስ ልጇም ወደ ሱቁ እየመጣች ከሴፋ ጋር የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ታነባለች። የጌትስቢ ቤት ሰው ለማምጣት የተሠራ ወጥመድ ነበር፤ የጁዲት ቤት ግን በራሷ ፍላጎት የታደሰ የግል ጎጆዋ ነው፤ ነገር ግን በመታደሱ ብቻ በዙሪያው ያሉትን ድሆች ያስፈራራል፣ የኪራይ ዋጋ ያንራል፣ ከቤት የማስወጣት ማስታወቂያዎችም ይከተላሉ። ሴፋ ከሁለቱ ጋር የመኖር ተስፋ ያበቀለበት ያው ቤት በጎረቤቶቹ ዘንድ የመፈናቀል ምልክት ሆኖ በመጨረሻ ይቃጠላል፤ ጁዲትም ሰፈሩን ትለቃለች። አንድ ዕቃ ለአንዱ ተስፋ፣ ለሌላው ዛቻ ሲሆን በግልጽ የሚታይበት ልቦለድ ብዙ አይደለም።

ይህ ለልደታ አንባቢ እንግዳ ነገር አይሆንም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት የልደታ አሮጌ ሰፈር በመልሶ ማልማት ፈርሶ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተተክለውበታል፤ የቀበሌ ቤት ተከራዮችም ቅድሚያ ክፍያውን የቻሉት ወደ ኮንዶሚኒየም የመግባት፣ ያልቻሉት በሌላ አካባቢ ምትክ የቀበሌ ቤት የመውሰድ ምርጫ ቀርቦላቸው ነበር። ሽንት ቤት የጋራ በሆነበት፣ ጣሪያው በሚያፈስበት ቤት መኖር ሊናፈቅ የሚገባው ነገር አይደለም፤ ይህን መካድ ድህነትን ማስዋብ ይሆናል። ነገር ግን እድሩ፣ የቡና ሰዓቱና በዱቤ የሚሸጠው የሰፈር ሱቅ በዕቅዱ ላይ ስላልተቆጠሩ፣ አዲሱ ሕንፃ ለገባበት ሰው ያመጣውን ያህል ለሄደው ሰው አሳጥቷል። የዲናው ልቦለድ የሴፋን ሱቅ በዋሽንግተን ሲያሳይ እግረ መንገዱን ማንኛውንም የሚታደስ ከተማ የሚመለከት ነገር ተናግሯል፤ የሚያሳዝነው ሴፋ ከአንድ የፈረሰ ሕይወት ሸሽቶ ሌላ የሚፈርስ ሰፈር ውስጥ መግባቱ ነው።

የሴፋ ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው ሱቁን ሳይዘጋ ትቶ ከተማውን ሲዞር በሚውልበት አንድ ቀን ዙሪያ ነው፤ የጌትስቢ ታሪክ በሞት ሲዘጋ ይህ ግን በመመለስ ይዘጋል። ለአንዳንድ ተቺ ይህ አጨራረስ የላላ ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም ከጠቅላላው አካሄድ ጋር የሚስማማ ነው፤ ከመጀመሪያው ትልቅ ሕልም ያልነበረው ሰው ሲወድቅ ትልቅ ድምፅ አያሰማም። ዲናው ከዚያ በኋላ ሦስት ልቦለዶች ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው «እንደ እኛ ያለ ሰው» ሊባል በሚችለው የቅርብ ልቦለዱ ጋዜጠኛው ማሙሽ ከፓሪስ ወደ አሜሪካ ተመልሶ፣ ያሳደገውና ምናልባትም የወለደው ሳሙኤል የተባለ የታክሲ ሹፌር መሞቱን ይሰማል፤ ከዚያም ሰውየው ማን እንደነበረ ለማወቅ ይጥራል። ሱቁ በታክሲ፣ ሱቅ ጠባቂው በሹፌር ተተክቷል። ትኩረቱም ከስደተኛው ወደ ልጁ ዞሯል፤ ልጁ የአባቱ ትውልድ ምን እንደተመኘ በቀጥታ አልተነገረውምና፣ በከሸፈው ሕልም ለማዘን እንኳ በመጀመሪያ ሕልሙ ምን እንደነበር መመርመር ይኖርበታል።